ለዝንጅብል የሚሆን ካምፕ ፍለጋ

ቅዳሜ ጠዋት ግሮቭፖርት ካለው መጋዘን የሌሊት ሺፍቴን ጨርሼ ስወጣ እግሬ የኔ አይመስልም ነበር። ቀጥ ብዬ ወደ አልጋዬ መሄድ ሲገባኝ የሄድኩት ወደ ጋሼ ዘውዱ ቤት ነው። በጁላይ ለሦስት አዳር የምናርፍበትን ካምፕ መርጬ ዛሬውኑ ቡክ እንዳደርግ ተልኬያለሁ። ለምን እኔ? አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማልችል፣ መኪናዬም ቤንዚን ስለማትበላ።

ችግሩ የሚጀምረው ከተጓዦቹ ነው። እህቴ ሄለን ሦስት ልጆች አሏት፤ ፑል ከሌለ አንሄድም ይላሉ። ባሏ ግርማ የትራክ ሾፌር ነው። ዘንድሮ ያገለገለ አርቪ፣ መኪና ላይ የተሠራ ቤት ማለት ነው፣ ገዝቶ መብራትና ውሃ የሚሰካበት ቦታ ካልሆነ አልንቀሳቀስም ብሏል። ጋሼ ዘውዱ ደግሞ ፈረስ አላቸው።

አዎ፣ ፈረስ። ጋሼ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ናቸው። ጡረታ ወጥተዋል፣ ባለቤታቸው አርፈዋል። እኔን መኪና መንዳት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ባዝራዋን የገዟት ልጃቸው ሩት አሥር ዓመት ሲሞላት ነው። ሩት ጂንጀር ትላታለች፣ ጋሼ ዝንጅብል። ሩት አሁን ሲያትል ናት፤ ከመጣች ሁለት ዓመት አልፏታል። ዘንድሮ እመጣለሁ ስትል ጋሼ በደስታ "ዝንጅብልም ካምፕ ትሄዳለች" ብለው ቃል ገቡላት። ስለዚህ ፈረስ የሚያስገባ ካምፕ ካላገኘሁ ሩት ብትቀርብን ጥፋቱ እኔ ላይ ነው።

ጠዋት 8፡00 (ሰዓቱ ሁሉ የአሜሪካ ነው)

ጋሼ ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመው ነበር።

"አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽ ቀልቷል። ሌላ ቀን ብናደርገውስ?"

"ሌላ ቀን ቦታው ይያዛል። ይግቡ ጋሼ።"

ገቡ። አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፣ ከዚያ ቀበቷቸውን አሰሩ። በፎይል የጠቀለሉትን ዳቦ በለውዝ ቅቤ እያቀበሉኝ በ33 መንገድ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወረድን። በቆሎው ገና ከጉልበት በታች ነው። ሄለን ገና ላንካስተር ሳንደርስ ቴክስት አደረገችኝ፦ "ቡክ አደረግሽ?"

9፡30፣ የመጀመሪያው ካምፕ

ጫካ ውስጥ ያለ የፈረሰኞች ማረፊያ ነው፤ ለአንድ ቀን ሃያ ዶላር። ፈረሶቹ የሚታሰሩት በሁለት ዛፍ መካከል ከፍ ብሎ በተወጠረ ገመድ ነው። ጥላው ደስ ይላል። መብራት የለም፣ ፑል የለም፣ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ነው። ግርማን አሰብኩትና ሳቄ መጣ።

ጋሼ የሚያዩት ሌላ ነው። ከገመዱ እስከ ቧንቧው በእርምጃ ለኩ።

"ውሃው ሩቅ ነው።"

"በባልዲ እናመጣላታለን።"

"ሩቅ ነው አልኩሽ።"

11፡45፣ ሁለተኛው ካምፕ

አንድ ሰዓት ያህል በኮረብታ ላይ ተጠማዘዝን። መንገዱ ቢያምርም ዓይኔ እየተከደነ ስለነበር መስኮት ከፍቼ፣ ማስቲካ እያኘክሁ ነዳሁ። ይሄኛው በአዳር ስድሳ አምስት ዶላር ያስከፍላል። ፑሉ መንሸራተቻ አለው፤ ትልቁ አርቪ በአንድ በኩል ገብቶ ወደኋላ ሳይል በሌላው ይወጣል። ዳር ላይ አራት የፈረስ ጋጣ አለ። ቢሮ ያለው ልጅ የፈረሷን የደም ምርመራ ወረቀት ይዛችሁ መምጣት አለባችሁ ሲለን ጋሼ ከኮታቸው ውስጥ ኪስ በላስቲክ የታሸገ ወረቀት አወጡ። የዘንድሮ ነው። ልጁ "ፐርፌክት" አለ። እኔም አለቀ ብዬ ካርዴን አወጣሁ።

"ቆይ" አሉ ጋሼ። ጎንበስ ብለው መሬቱን በእጃቸው ዳበሱ። "ጠጠር ነው። ለሰኮናዋ አይሆንም።"

"ምንጣፍ ይነጠፍላት እንዴ ጋሼ?"

"ዝንቡም በዝቷል።"

ዝንብ አላየሁም። ያየሁት የራሴን አልጋ ነበር።

2፡30፣ ሦስተኛው ካምፕ

ይሄኛው ላይ እንከን ማውጣት አይቻልም ብዬ ገባሁ። ለስላሳ ሣር፣ ጋጣው ደጅ ላይ ውሃ፣ የልጆች መጫወቻ፣ ፑል፣ ለአርቪው መብራት፣ ከጀርባው በጥድ መሃል የሚሄድ የፈረስ መንገድ። ጋሼ ሁለት ጊዜ ዞሩት። ስመለከታቸው ፊታቸው ከጥዶቹ ጥላ ይልቅ ጠቁሯል።

"ምን ጎደለው?" አልኳቸው።

"መግቢያው ላይ ያለውን ድልድይ አልወደድኩትም።"

"ጋሼ፣ እኔ ከትናንት ማታ ጀምሮ አልተኛሁም!"

ጮህኩ። አልኮራበትም። ካምፑን የምታስተዳድረው አሮጊት የጎማ ቦቲዋን እየጎተተች መጣችና ፈረሷ ዕድሜዋ ስንት ነው ብላ ጠየቀች።

"ሃያ ስምንት" አሉ ጋሼ።

"የፈረስ መጫኛ ትሬይለር ላይ ከወጣች ስንት ጊዜዋ ነው?"

ጋሼ መጀመሪያ እኔን አዩኝ። "ስድስት ዓመት።"

"ቁልቁለት ስትወርድ እንዴት ናት?"

"በፊት ቀኝ እግሯ ታነክሳለች።"

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። ገንዘባችሁን ብቀበል ደስ ይለኛል፣ ግን በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ እግር፣ ሁለት ሰዓት ትሬይለር ውስጥ ቆማ እንድትመጣ የኔ ብትሆን አላደርገውም አለችን። ጋሼ አልተገረሙም። አመስግነው ወደ መኪናው ሄዱ።

በመመለሻው

ወደ 33 መንገድ ተመልሰን ገባን።

"ከጠዋት ጀምሮ ያውቁ ነበር" አልኳቸው።

"በር ላይ ልነግርሽ ነበር። አንቺ ደግሞ ከሥራ ቀጥታ መጣሽልኝ፣ አፈርኩ።"

"እና ቀኑን ሙሉ አስነዱኝ?"

"ጥፋቱ የካምፖቹ ቢሆን ይሻላል ብዬ ነው።" ወደ መስኮቱ ዞሩ። "ዝንጅብል ከሌለች ሩት ለምን ትመጣለች?"

 ወደ ቤታቸው አልወሰድኳቸውም፤ ከግሮቭፖርት ወጣ ብሎ ዝንጅብል ወደምታድርበት ጋጣ ታጠፍኩ። እርጅናዋን እስከዚያ ቀን ልብ ብዬ አላየሁትም። ድምፃቸውን ስትሰማ ከሜዳው ጥግ መጣች፣ አንድ አንድ እርምጃ እያለች፣ ቀኝ እግሯን እየቆጠበች። አጥሩ ጋ ለመድረስ ብዙ ቆየች። ጋሼ አጥሩን ተደግፈው ጠበቋት።

"ለሩት ይደውሉላት" አልኩ።

"በኋላ።"

"አሁን። ካልደወሉ እኔ እደውላለሁ።"

ደወሉ፤ ስልኩን ስፒከር ላይ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

"ሩትዬ፣ ዝንጅብል ካምፕ አትመጣም። መንገዱን አትችለውም። ዋሽቼሽ ነው።"

"አይ ኖው፣ ዳድ፤ አውቃለሁ።" ድምፅዋ ረጋ ያለ ነበር። "ባለፈው ወር የጋጣውን ሰውዬ ኮል አድርጌ ጠይቄው ነበር።"

"ታዲያ ትኬቱን ለምን ገዛሽ?"

"ዩ አስክድ ሚ፣ ዳድ። ነይ አልከኝ አይደል? ከዚያ በፊት እኮ ብለኸኝ አታውቅም።"

ጋሼ ስልኩን ይዘው ቀሩ። ዝንጅብል ኮታቸውን እያሸተተች የዳቦውን ፎይል ፈለገች። እኔ ወደ መኪናዬ ሄድኩ፤ ሰው አባትና ልጅ ሲነጋገሩ ቆሞ አይሰማም፣ እስካሁንም የሰማሁት በቂ ነው።

6፡00፣ አራተኛው ካምፕ

ከዝንጅብል ጋጣ አምስት ደቂቃ ላይ አንድ የአርቪ ማቆሚያ አለ። ለሥራ ስመላለስ ሁልጊዜ አልፈዋለሁ፤ በር ላይ "ፈረስ አይገባም" የሚል ስለተጻፈበት ዞር ብዬ አይቼው አላውቅም። የሀይዌዩ ድምፅ ይሰማል፣ ፑሉ የመታጠቢያ ገንዳ ያህላል፣ መብራቱ ግን ለግርማ ይበቃል። በአዳር አርባ ሁለት ዶላር። ሁለት ቦታ፣ ሦስት አዳር ያዝኩ።

ጋሼ መኪናው ውስጥ ሆነው አካባቢውን ቃኙ። "ዳክዬ በዝቷል።"

"ጋሼ!"

"ቀልዴን ነው" አሉ። ያን ቀን ሲስቁ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ቤት የገባሁት ሊመሽ ሲል ነው። በሦስቱ ካምፖች የለካነው ሁሉ፣ ውሃውም፣ ጠጠሩም፣ ድልድዩም፣ ጠዋት አምስት ደቂቃ አጥር ጋ ብንቆም ኖሮ አያስፈልግም ነበር። ፈረስ ይዛችሁ ልትሄዱ ከሆነ፣ ካምፕ ከማየታችሁ በፊት ፈረሱ ሲራመድ እዩት። ከፈረሱ ባለቤት ጋርም ቀድማችሁ አውሩ፤ አፉን ከፍቶ ሲዘጋው ሞተር አታስነሱ።

ጫማዬን ሳላወልቅ ሶፋው ላይ ተዘረርኩ። ሄለን ኮል አደረገችኝ።

"ፑል አለው?"

"ትንሽ።"

"ፈረሷስ የት ልታድር ነው?"

"ቤቷ። እኛ ነን የምንሄድላት" አልኳትና ስልኩን ዘጋሁት።