የማይቸኩል ድምፅ

ሰውየው ፈረስ መጋላ አደባባይ አጠገብ ወዳለው የባርኮት የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ የመጡት አሮጌ ኮምፒውተራቸውን በነጠላ ጠቅልለው ነው። ስማቸውን አልነገሯትም። ኮታቸው ነጥቷል፤ ከቁልፎቹ ግን አንድም አልጎደለም። ሲያዳምጡ ቀኝ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ።

"ልጄ፣ ፕሮሰሰሩን ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ማስኬድ ይቻላል አሉኝ።"

"ይቻላል፣ አባባ። ግን ይግላል፤ ሊቃጠልም ይችላል። ምን አስቸኮለዎት?"

"የሟች ባለቤቴ መዝሙሮች ናቸው። ከካሴት ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ የሚንሿሿውን ጫጫታ እያጠራሁ ነው። አንዱ ብቻ ሁለት ቀን ይፈጃል። ግራ ጆሮዬ ጠፍቷል፤ ሐኪሙ ቀኙም ብዙ አይቆይም ብሎኛል።"

ባርኮት ፍጥነቱን ከፍ አድርጋ ለሙከራ ጥቂት ስንኝ እንዲያጠራ አዘዘችው። የኮምፒውተሩ ማራገቢያ አጓራ። የከሰዓቱ ብርሃን ሱቁ ውስጥ እንደ ውሃ ረግቶ፣ የባጃጆቹ ጡሩምባ ከሌላ አገር የሚመጣ መሰለ። ከዚያ የሴት ድምፅ ወጣ፤ መሀል ላይ ግን ተሰነጠቀ።

"ካሴቱ ነው?" አሉ።

"አይደለም፣ ማሽኑ ነው። ከአቅሙ በላይ ሲሮጥ ስሌት ይስታል። ዝቅ ባደርገው ጥሩ ነው፤ ግን ይዘገያል።"

ሰውየው እጃቸውን ኮምፒውተሩ ላይ አሳረፉ።

"ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ መልሺው። ፈጥኖ የሌላ ሴት ድምፅ ከሚያሰማኝ፣ የእሷን ጆሮዬ እስከቻለ ድረስ ልስማ።"

መለሰችውና ቀድመው አጥርተው የጨረሱትን መዝሙር ከፈተችላቸው። ሰውየው ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ድምፅ ማጉያው ላይ አስደገፉ፤ ከንፈራቸው ከዘማሪዋ አንድ ቃል ቀድሞ ይንቀሳቀሳል። ባርኮት ቀስ ብላ ተነስታ የሱቁን በር ዘጋች።