ጨረስኩት ያልኩት ልብወለድ

የምሠራው ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ክርክር ሳገላብጥ ስለምውል፣ ከሥራ ስወጣ ዓይኔ ፊደል ማየት አይፈልግም። እንዲህ ሆኜ ነው፣ ድሮ አማርኛ ያስተማሩኝ መምህር አንድ ወፍራም ልብወለድ ያዋሱኝ። «ቀላል አይደለም፤ ግን ታገሺው» አሉኝ።

ሦስት ጊዜ ጀመርኩት። አንዱ ዓረፍተ ነገር ገጽ ሙሉ ይሄዳል። ታሪኩ ሳይነግረኝ ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ አባትና ልጅ በአንድ ስም ይጠራሉ። ገጽ አርባ ላይ ስደርስ እንቅልፍ ይጥለኛል። በመጨረሻ ተውኩትና መምህሩን መንገድ ላይ ሳይ ወደ ማዶ መሻገር ጀመርኩ።

አንድ ቅዳሜ ደብረ ታቦር ገበያ ውስጥ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ባለቤታቸው ክንዳቸውን ይዘዋል። ሰላም ስላቸው ፊታቸው በራ።

«መጽሐፉስ?»

«ጨረስኩት፣ መምህር።» ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

«እሰይ! በይ መጨረሻውን ንገሪኝ። እኔ ግማሹ ላይ ስደርስ ነው ዓይኔ የከዳኝ። ዛሬ ሰው የምለየው በድምፁ ነው።»

ለካ ስሸሽ የከረምኩት ከማያዩኝ ሰው ነው።

«አልጨረስኩትም፤ ዋሸሁዎት» አልኳቸው።

ባለቤታቸው አንገታቸውን ደፉ። እሳቸው ግን፣ «እንግዲያው እሁድ ነይ። ከመጀመሪያው እንጀምራለን» አሉ።

ከዚያ ወዲያ በየእሁዱ ከሰዓት በኋላ ወደ ጉና በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለው ቤታቸው እሄድ ነበር። ክረምቱ ገብቶ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ባለቤታቸው ቅቅል ድንች ያቀርቡልኛል፤ እኔ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ጮክ ብዬ አነባለሁ።

«ይኸ የሚናገረው አባትየው ነው ልጁ?» ይሉኛል።

«እኔም አላወቅሁም፣ መምህር።»

«ብታውቂም ባታውቂም ቀጥይ።»

በልቤ የምናደድባቸው እሁዶች ነበሩ። አንድ ቀን ያንቀላፉ መስሎኝ ሁለት ገጽ ዘለልኩ። ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ልጅቷ ከወንዙ እንዴት ተመለሰች?» አሉኝ። አፍሬ ወደ ኋላ ገለጥኩ።

መስቀል ሲቃረብ መጨረሻው ላይ ደረስን። በመጨረሻው ገጽ ሽማግሌው አባት በሩን ዘግቶ ይወጣል፤ የት እንደሚሄድ አይነገርም።

«ይኸው ነው?» አሉ መምህር።

«ይኸው ነው።»

ጥግ ላይ ምስር ሲለቅሙ የነበሩት ባለቤታቸው ቀና ብለው፣ «ውይ፣ አለቀ? እኔ እኮ ሰዎቹን ለምጃቸው ነበር» አሉ። ሁል ጊዜ ሲያዳምጡ እንደነበር ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

መጽሐፉ ገባኝ ለማለት አልደፍርም። ደክሞኝ ነበር፤ ሲያልቅም እፎይ አልኩ። በሚቀጥለው እሁድ ልብሴን አጥቤ፣ ቤቴን ወልውዬ ጨረስኩና ከምሳ በኋላ ምን እንደምሠራ ጠፍቶኝ ደጃፌ ላይ ተቀመጥኩ።