ያላየናቸው አራት ደቂቃዎች

በሞያሌ፣ የወዲህኛውም የወዲያኛውም ማዶ ተደምሮ፣ የዚያ ቡድን ደጋፊ ሁለት ሰው ብቻ ነበር፤ እኔና አባቴ። አባቴ ደግሞ የሚደግፈው ቁርስ ፈላጊ እስኪመጣ ድረስ ነው።

ቡድኑ የአውስትራሊያ ነው። ኳስ ስል ግን በኬንያው በኩል ባለው ሆቴላችን ውስጥ ሾፌሮች ምግባቸው እስኪቀዘቅዝ የሚጨቃጨቁበትን የእንግሊዞቹን ኳስ ማለቴ አይደለም። የዚህኛው ኳስ እንቁላል ይመስላል። ሜዳውም እንቁላል ይመስላል። በእጅ ይያዛል፣ በእግር ይለጋል፣ ኳስ ለመቅለብ ሰው በሰው ትከሻ ላይ ይወጣል፣ ዳኛውም ምንም አይልም። ሜዳው ጫፍና ጫፍ ላይ አራት አራት ረጃጅም ቋሚዎች ተተክለዋል። በመሀለኞቹ ሁለቱ መካከል ያስገባ ስድስት ነጥብ ያገኛል። ስቶ በጎንና በጎን ባሉት በኩል የሰደደ ደግሞ አንድ ነጥብ ያገኛል። አዎ፣ ስቶ። አባቴ ይህን የሰማ ዕለት የሚቀዳውን ሻይ አቋርጦ፣ «ለሳተ ሰው ነጥብ የሚሰጥ አገር እያለ ነው እኔን እዚህ የወለዱኝ?» አለ።

ይህን ሁሉ ያመጣችብን የእናቴ ታናሽ እህት ናት። እታለም ነው የምላት። በእጇ ነው ያደግሁት፤ ሆቴላችን ውስጥ እያስተናገደች፣ በመሀል ጸጉሬን እየሠራች፣ ሳለቅስ በጀርባዋ አዝላኝ ሒሳብ እየተቀበለች። ስድስት ዓመት ሲሆነኝ አግብታ ወደ ሜልቦርን ሄደች። በዓመቱ የሰፈሯ ቡድን ሜዳ ዳር ያለችውን ትንሽ ሻይ ቤት ያዘች። ትልቅ ቡድን እንዳይመስላችሁ። በቴሌቪዥን የሚታይ አይደለም። ተጫዋቾቹ ሰኞ ሰኞ ሥራ የሚገቡ ሰዎች ናቸው፤ ቀለም ቀቢ፣ አስተማሪ፣ ቧንቧ ሠራተኛ። ሁልጊዜም ከመጨረሻው ምድብ አይወጡም።

ከዚያ አንድ ቀን ናይሮቢ ድረስ በአውሮፕላን በመጣ ሰው፣ ከናይሮቢ ደግሞ በአውቶቡስ፣ ጥቅል ደረሰኝ። እጅጌ የሌለው አረንጓዴና ቢጫ መለያና ከሱፍ የተሠራ የአንገት ልብስ ነበር። ሱፍ፣ ለሞያሌ። ቢሆንም ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አደርገው ጀመር፤ አንገቴ ሽፍ እስኪል ድረስ። በየሁለት ሳምንቱ ወደ ናይሮቢ የሚያልፍ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ደንበኛችን ነበር፣ ጋሼ ነው የምለው። ገና ሲያየኝ፣ «ሚጣ፣ ቀዩን ጉምሩክ ያዘው እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለስንት ዓመት፣ በመጣ ቁጥር፣ ቀዩ ተለቀቀ ወይ እያለ ሲጠይቀኝ ኖረ።

የምናየው እንዲህ ነበር። እነሱ ከሰዓት በኋላ ሲጫወቱ እኛ ዘንድ ጠዋት አንድ ሰዓት ነው። እታለም በቪዲዮ ትደውልና ስልኳን ሻይ ቤቱ መስኮት ላይ፣ የድልህ ጠርሙስ በሚያክል ነገር ታስደግፈዋለች። በመስኮቱ የሜዳው ግማሽ ይታያል፣ የሚገዛ ሰው ካልቆመ። ሁልጊዜ ግን የሚገዛ ሰው ይቆማል። እኔ የዚያን ሰፈር ሰው በፊቱ አላውቀውም፤ በጀርባው ነው የማውቀው። ራሰ በራ ጀርባ አለ፣ ውሻ የታቀፈ ጀርባ አለ፣ ልክ ኳሷ ወደ ቋሚዎቹ ስትሄድ ጠብቆ ሁለት ቡና የሚያዝ ሰፊ ጀርባ አለ። እሱን ሰውዬ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። ጩኸት እሰማለሁ፣ ከዚያ «ምን ሆነ? እታለም፣ ምን ሆነ?» እላለሁ፣ እሷም መልስ እየቆጠረች፣ «እኔስ መቼ አየሁ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ቋሊማ ስገለብጥ!» ትላለች።

በዚህ በኩል ደግሞ የእኛው ቁርስ አለ። አንድ ሰዓት ማለት ጉምሩክ ከመከፈቱ በፊት ሾፌሮች የሚበሉበት ሰዓት ነው። አባቴ ከአጠገቤ ተቀምጦ ሁለት ደቂቃ ያይና ፍርፍር ሲጠሩት ይነሳል። ሲመለስ ስንት ለስንት እንደሆነ ይጠይቀኛል። እነግረዋለሁ። «በቃ ተሸንፈናል» ይልና እንደገና ይነሳል። እውነቱን ነው፣ ሁልጊዜ ተሸንፈናል።

ከሁሉም የማውቀው ቧንቧ ሠራተኛውን ነው። ቁጥሩ አሥራ ዘጠኝ። ሲሮጥ ከብት ወደ ውሃ የሚነዳ ይመስላል፣ ኳሷን አሳምሮ ይቀልባታል፣ ከዚያ ይለጋና ይስታል። አንድ ነጥብ። በዓመቱም ሲስት አንድ ነጥብ። አባቴ በጣም ይወደው ነበር። ብርጭቆ የሰበረ አስተናጋጅ ሲያጋጥመው ራሱ ሳይቆጣ፣ «አንድ ነጥብ» ይላል፤ ልጁ ምን እንደተባለ አይገባውም።

ትምህርት ቤት ማንም አያምነኝም። ከቡቲዬ ሰፈር የሚመጡት ልጆች ጨዋታውን ከራሴ የፈጠርኩት ነው የሚመስላቸው። አንዴ አፈር ላይ ሜዳውን ሥዬ፣ ድንጋይ ተክዬ፣ ሕጉን ሁሉ አስረዳሁ። ሁሉም እስከ መጨረሻ ሰሙኝ። ከዚያ አንዷ በስዋሂሊ «ፖሌ» አለችኝ፣ አይዞሽ እንደማለት፤ ሰው ለሞተበት በሚባልበት ድምፅ።

አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ እታለም ያልለመደባት ረቡዕ ቀን ደወለች። ቡድኑ ሊፈርስ ነው አለች። ተጫዋቹ አነሰ፣ ሜዳውም ለሌላ ነገር ተፈልጓል፣ ከዓመቱ መጨረሻ ከጎረቤት ቡድን ጋር ይቀላቀሉና መለያቸው ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። ሻይ ቤቷም ይዘጋል።  ቀጥላም፣ ዘንድሮ ደግሞ ሳይታሰብ ለፍጻሜ አልፈናል አለች። ፍጻሜው የሚደረገው በሌላ ሜዳ ነው፤ ስለዚህ ሻዩን ሌላ ሰው ነው የሚሸጠው። «ስምንት ዓመት ሙሉ በቋሊማ መሀል ነው ያየሁት» አለችኝ። «አሁን አንዴ እንኳ አጥሩ ጋ ቆሜ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሲያሸንፉ ልይ። ካንቺ ጋር ልይ።»

የፈለገችው ይህን ብቻ ነው። እኔም የፈለግሁት ይህንኑ ነበር።

አባቴ ነገሩን ስነግረው «ቁርሱስ?» ብሎ ወደ ማብሰያው ሄደ። ቅዳሜ ማለዳ ግን በጠመኔ «ቁርስ ከሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ» ብሎ ጽፎ በሩ ላይ አቆመ። እናቴ አበደ አለች። ጋሼ ሾፌሩ የዚያን ቀን አጋጣሚ ሆኖ እዚሁ ነበርና ሊበላ መጥቶ ጽሑፉን አነበበ፣ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ ከዚያ እሱም ሊያይ ገባ። ቀዩን አላነሳም።

በቴሌቪዥኑ ልናይ ገመዱን አዘጋጅቼ ነበር። አንድ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ስቲማ ሄደ፣ መብራቱ ማለቴ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ታች ኔትወርኩ ይደክማል፤ ስለዚህ ስልኬን ይዘን ሦስታችንም ጣሪያው ላይ ወጣን፣ የውሃው ታንከር ሥር፣ ጥላው ያለበት።

እዚህ ላይ ሞያሌ ላልኖረ ሰው አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። ከፍ ያለ ቦታ ስትወጡ ስልካችሁ ድንበር ይሻገራል። እናንተ ኬንያ ቆማችሁ ስልካችሁ የኢትዮጵያን አንቴና ይይዝና ያላችሁን የኢንተርኔት ባንድል በአንድ ጉርሻ ይውጠዋል። ስለዚህ የከተማው ሰው ሁሉ፣ ሕፃኑም ሳይቀር፣ ጣሪያ ከመውጣቱ በፊት ስልኩን የወዲህኛው ኔትወርክ ላይ በእጁ ይቆልፋል። ጫማ እንደማውለቅ ያለ ነገር ነው፤ የሚረሳው እንግዳ ብቻ ነው።

እኔ ረሳሁ። የአንገት ልብሱን ሳስተካክል፣ አባቴ ወንበር ሲያቀብለኝ፣ እታለም «ታየሽ? ሜዳው ታየሽ?» ስትለኝ ረሳሁ። ሜዳው እኮ ታየኝ! ሙሉው ሜዳ፣ ያለ አንድም ጀርባ። እዚያ ጋ ዛፎች እንዳሉ እንኳ በዚያ ቀን ነው ያወቅሁት።

ጨዋታው አራት ክፍል ነው። በሦስቱ ስንመራ ስንመራ ቆየን። አባቴ አንዴም አልተነሳም። ታች በሩን የሚያንኳኩ ሰዎች ነበሩ፤ እሱ እንደተቀመጠ «ዝግ ነው!» ብሎ ይጮኻል። ጋሼም ሕጉን እየጠየቀ ገባበት፣ እየገባበት ሄዶ ዳኛ መሳደብ ጀመረ። በአራተኛው ክፍል ደረሱብን፣ አለፉን። አራት ደቂቃ ሲቀር በአምስት ነጥብ ተበልጠን ነበር። አንዲት ኳስ በመሀለኞቹ ቋሚዎች ከገባች ስድስት ነው፣ እናሸንፋለን። ቧንቧ ሠራተኛው ከሰው ሁሉ በላይ ዘሎ ኳስ ቀለበ። አባቴ ትከሻዬን ያዘኝ።

ምስሉ ቆመ። ስልኬ በእጄ ውስጥ ተንዘረዘረ። መልእክት ነበር። «እንኳን ወደ ኢትዮጵያ በደህና መጡ» ይላል።

አባቴ አነበበው። ጋሼም አነበበው። ማናቸውም አልተቆጡኝም፣ እሱ ነው የባሰው። ኔትወርኩን ስቆልፈው ባንድሉ አልቋል። የአባቴ ስልክ ባለ ቁልፍ አሮጌ ናት፣ ቪዲዮ አታውቅም። ጋሼ በመጨረሻ የራሱን፣ የኢትዮጵያ ሲም ያለበትን አወጣና ቁጥሯን ንገሪኝ አለ። ደወልን፤ ተይዟል። ደግመን ደወልን፤ ተይዟል። ለስንተኛ ጊዜ ሲገባልን ጆሯችንን ሦስታችንም ስልኩ ላይ አደረግን። የሚሰማው የሕዝብ ጩኸት ነበር፣ መለከት የመሰለ ነገር፣ ከዚያ የእታለም ልቅሶ።

«ተሸነፍን?» አልኳት።

«አሸነፍን» አለች። «አሥራ ዘጠኙ አገባት። መሀል ለመሀል።»

አባቴ ጮኸ። ጋሼ ታንከሩን በጥፊ መታው። እኔ ግን የድምጿ ነገር አላማረኝምና እንዴት እንደገባች ንገሪኝ አልኳት።

 «እኔ እንጃ» አለች። «ስትጠፊብኝ አንቺን ልፈልግ ዞርኩ። ስልኩ ላይ ፀሐይ አርፎ አላሳይ ስላለኝ ጀርባዬን ለሜዳው ሰጥቼ ደጋግሜ እየደወልኩ ነበር። ጩኸቱን ሰምቼ ስዞር ተቃቅፈው መሬት ላይ ወድቀዋል።»

ስልኩ ተይዟል ሲለን የነበረው ለዚያ ነው። እኔ ለእሷ ስደውል፣ እሷ ለእኔ ስትደውል፣ ሰውዬው ስምንት ዓመት የሳታትን ኳስ አገባት። እኔ አላየሁ፣ እሷ አላየች። የቀረጸ ሰው አለ ወይ ብላ ለሳምንት ጠየቀች። አንድ ሰው ሰደደላት፤ የጫማ ጫፍና ሰማይ ነው የሚታየው፣ እየዘለለ ነው የቀረጸው።

አባቴ በማግስቱ «አንድ ነጥብ» አለኝ፣ ሊያስቀኝ ብሎ። አልሳቅሁም። የራሴን መሳት እችለዋለሁ፤ እሷን ማሳቴ ነው ያንገበገበኝ፣ አሁንም ስጽፈው ያንገበግበኛል። እታለም ግን አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም። ያም ራሱ ያናድዳል። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዘንድሮ ጥቁር ሰማያዊ የለበሰው ቡድን መጫወት ሲጀምር፣ ልሂድ ወይስ ልቅር ብላ አማከረችኝ። አሥራ ዘጠኙ አብሮ እንደተቀላቀለ ስትነግረኝ ሂጂ አልኳት። ግን አንድ ነገር አስማልኳት፤ መስመሩ ከተቋረጠ ተይው፣ አትፈልጊኝ። እሺ አለች።

ባለፈው ቅዳሜ ስልኬን ታች ቆልፌ፣ ሁለቴ አረጋግጬ፣ ታንከሩ ሥር ወጣሁ። እታለም አረንጓዴና ቢጫዋን አድርጋ በሰማያዊዎቹ መሀል አጥሩ ጋ ቆማለች። ጨዋታው ጥሩ ነበር። በሦስተኛው ክፍል አሥራ ዘጠኙ ኳሷን ቀልቦ ወደ ቋሚዎቹ ሲዞር ምስሉ ተቋረጠ። በዚህኛው እንኳ ጥፋቱ የእኔ አልነበረም። ስልኩን አስቀምጬ፣ አሁን እያየች ነው፣ ቢያንስ እሷ እያየች ነው ስል ጠራ።

እሷ ናት። ስክሪኑ ላይ ሜዳ የለም፣ ፊቷ ብቻ፣ ከኋላዋ የሚሮጥ ሰው።

«እታለም፣ ዙሪ!» አልኳት። «ሜዳውን እዪ እንጂ!»

«ቆይ መጀመሪያ አንቺ ትታዪኝ እንደሆነ ልይ» አለች፣ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ። ከኋላዋ ሰዉ ጮኸ።