እስስቴና ደጅ የቆሙት ጎጎ

እስስቴ ከአራት ቀን በኋላ ዛሬ ውሃ ጠጣች።

ከሰፈር የለቀቀ ጎረቤቴ ነው ከነቅርንጫፏ የሰጠኝ። በስደት በምኖርበት አገር፣ ኦሬንጅ ፋርም የሚባል ሰፈር ያለው ሱቄ ውስጥ አስቀመጥኳት። ዝንብ እንደ ልብ ስለሆነ በምግብ አልተቸገረችም።

ውሃ ግን በቆርኪም በሲኒም ባቀርብላት ዞር ብላ አላየችም። ዓይኗ መጎድጎድ ሲጀምር ደነገጥኩ።

እዚህ ብዙ ሰው እስስት ሞት ታመጣለች ብሎ ይፈራል። በአገሬው ቋንቋ ጎጎ፣ አያት፣ የምንላቸው አሮጊት ደንበኛዬም እስስቷ ከመጣች ወዲህ ዳቦ የሚገዙት ደጅ ቆመው ነው።

ዛሬ ጠዋት እዚያው ደጅ ሆነው፣ "ማይ ፍሬንድ፣ እሷ የምታውቀው ዝናብ ነው። ቅጠሉ ላይ ርጭላት" አሉኝ።

ረጨሁ። ጠብታዋን ከቅጠሉ ላይ ላሰች።

"ጠጣች?"

"ጠጣች፣ ጎጎ። ገብተው ይዩዋት።"

"ደግ። በል ዳቦዬን እዚህ አምጣልኝ።"

እናንተም የቤት እንስሳችሁን ከሩቅ የሚንከባከብላችሁ ሰው ካለ እስቲ አውሩን።