ለሰማንያ ቀን የተቀመጠ ሳሙና

ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ የተላከልኝ ፌስታል በሚኒባስ ሾፌር እጅ ደብረ ታቦር ደረሰኝ። ውስጡ ሁለት ሳሙና፣ አንድ ሻሽና አራት ቦታ የታጠፈ ወፍራም ወረቀት ነበረበት፤ ወረቀቱ መንገዱን ሁሉ ከሳሙናው ጋር ሲተሻሽ ስለመጣ ገና ስዘረጋው ሽታው አፍንጫዬን መታኝና፣ እኔ ወደ ሃምሳ የምጠጋ ሴትዮ፣ ከቤቴ ደጃፍ እንደቆምኩ የስምንት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ወረቀቱ ላይ ዛፍ ተስሎበታል። በየቅርንጫፉ ትንንሽ ሣጥን አለ፣ በየሣጥኑ የአባቴና የእናቴ ወገን ስም በኮምፒውተር ተጽፏል፤ ከላይ ያሉት ሁሉ የሞቱ ናቸው። ከታች የእኔና የሟች ወንድሜ የአዳነ ስም አለ፣ ከእኛ ጎን ደግሞ ባዶ የተተወ አንድ ሣጥን። ልጄ በእስክሪብቶ አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አድርጋበታለች። ያን ሣጥን ሳየው ወረቀቱን መልሼ አጠፍኩና ከፍራሼ ሥር ከተትኩት።

ልጄ አትጠገብ ትባላለች፤ ከእሷ ሌላ የለኝም። አባቷ ከሞተ በኋላ አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ሄዳ ስትማር ሞርሞን ከሚባሉት ክርስቲያኖች ጋር ተዋወቀች፣ ተጠመቀች፣ እኔም የሰማሁት ከሆነ በኋላ ነው። አሁን በሃያ አንድ ዓመቷ ለዓመት ከመንፈቅ ያለ ደመወዝ ልታገለግል ገብታለች። ሥራዬ የሰው ዘር መጻፍ ነው ስትለኝ መጀመሪያ የቀበሌ ሥራ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። የሞቱ ሰዎችን እንደሆነ ስታስረዳኝ ግን ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ ማንም ሰምቶኝ እንደሆነ ዙሪያዬን አየሁ።

ሳምንቷን ከእኔ ሳምንት ይልቅ አውቀዋለሁ። ሰኞ ልብሷን ታጥባለች፣ ገበያ ትወጣለች፣ ከቀትር በኋላ እኔ ጋ ትደውላለች። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ኮምፒውተር ካለበት ክፍል ተቀምጣ የሚመጡትን ሽማግሎች የአባታችሁ አባት ማን ነበሩ፣ የት ተወለዱ እያለች ትጽፋለች። አንዱ አዛውንት ሦስት ቀን ሙሉ ተመላልሰው የአያታቸው ስም ትዝ አልላቸው ብሎ የአያታቸውን በሬ ስም ግን ከነቀለሙ አስታውሰው፣ እሱን ካልጻፍሽ አልሄድም ብለዋታል አሉ። ቅዳሜ ከጓደኛዋ ጋር በየሰው ቤት ትዞራለች፤ ደንባቸው ስለሆነ ብቻዋን እስከ ሱቅ እንኳ አትሄድም፣ ይህ አንዱ ለእኔ እንቅልፍ የሚሰጠኝ ነገር ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያናቸው ትውላለች። ደረቷ ላይ ስሟ የተጻፈበት ጥቁር ነገር ትለጥፋለች፤ በፎቶ ሳየው ልጄ የጠፋች እንደሆነ እንዲመልሷት የተለጠፈባት መሰለኝ።

እኔንም ጠየቀችኝ። «እማ፣ የአያቴን አባት ስም ንገሪኝ እስቲ።»

«ለምንድን ነው የምትፈልጊያቸው?»

«ልጽፋቸው ነዋ።»

«ጽፈሽስ?»

ያን ጊዜ ነገረችኝ፤ በሌላ አገር ባለ ቤተ መቅደሳቸው ሕያው ሰው ስለ ሙት ሆኖ ይጠመቃል፣ ሟቹ ከፈለገ ይቀበላል፣ ካልፈለገ ይተዋል። እኔ ግን በየቤተ ክርስቲያኑ ክርስትና ተነሥተው፣ ፍትሐት ተደርጎላቸው ያረፉትን ሰዎች ሌላ ውኃ ሊያስነኳቸው ነው ብዬ አማተብኩ። እንግዳ የሚባሉት ቅድመ አያቴ እንኳን ሞተው፣ በሕይወታቸውም ዝናብ ሲነካቸው የሚቆጡ ነበሩ ይባላል። «አንቺ ካልፈቀድሽ ከመጻፍ አላልፍም፣ እማ፤ ቃሌ ነው» አለችኝ። ቃሏን ያዝኩ። ለንስሐ አባቴ ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።

ስሞቹን አንድ በአንድ ነበር የምሰጣት። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ መቁጠር እችላለሁ፣ ግን በየሰኞው አንድ ስም ብቻ አወጣለሁ፤ ሌላውን ለማስታወስ ጊዜ ስጪኝ እላታለሁ። አንዳንዴ የታወቀውን ስም እንደረሳሁ ሆኜ አቃስታለሁ። የፈራሁት ምን መሰላችሁ፤ ስሙ ያለቀ ቀን የሚደወልልኝ ምክንያት ያልቃል ብዬ ነው። ከእኔ ጋር የቀራት አንድ ጨዋታ እሱ ነበር። ስለ ጾም ብጠይቃት ወሬ ትለውጣለች፣ ስለ ትዳር ብጠይቃት ትስቃለች፣ ስለ ሙታን ስንነጋገር ግን እንደ ድሮው እናትና ልጅ ነን።

የዘር ቆጠራውን ያስተማሩኝ አባቴ ወርቁ ናቸው። ቤታችን ከጉና ተራራ ግርጌ ነበር፤ ብርዱ ክፉ ነው፣ ገብስና ድንች ካልሆነ ምድሩ ሌላ አይወድም፤ ጠዋት ጠዋት አመዳዩ ሲቀልጥ ጭስ የመሰለ እንፋሎት ከማሳው እየተነሣ ላሞቹ እግር የሌላቸው ይመስሉ ነበር። ውቂያ ላይ በሬዎቹ ሲያርፉ አባቴ ከአውድማው ዳር ገለባው ላይ ይቀመጡና እኔንና አዳነን ፊት ለፊት አቁመው ያስቆጥሩናል። ሰባት ቤት ድረስ ነው። ከሰባት ቤት ወዲህ የሚገናኙ ዘመዳሞች ናቸውና አይጋቡም፤ ስለዚህ ልጅ ሁሉ ቆጠራውን ማወቅ አለበት። ወርቁ ተገኝ፣ ተገኝ እንግዳ፣ እንግዳ ዘለቀ እያልን እስከ ሰባተኛው እንወጣለን፣ በትክክል የደረሰ እፍኝ የገብስ ቆሎ ይሰጠዋል። አዳነ ቆሎውን እያየ ስለሚቆጥር ሁልጊዜ ከአምስተኛው ላይ ይወድቃል፤ እኔ ግን አንድም ቀን አልሳትኩም፣ ቆሎዬን ለእሱ አካፍላለሁ።

አንዴ ለአክስቴ ልጅ ሽማግሌ ተልኮ የሁለቱ ወገን ሽማግሎች ከወይራው ሥር ሲቆጥሩ ዋሉ፤ ነገሩ አምሮ፣ ጠላው ተቀድቶ ሳለ፣ እንስራ ይዤ የማልፈው እኔ ከሙሽራው ወገን በስድስተኛው ቤት የተነሣውን ስም ሰምቼ «እሳቸው እኮ የእኛም ናቸው» አልኩ። ሽማግሎቹ ነገሩን እዚያው ተዉት። ጠላውን ጠጥተው ተመለሱ። አክስቴ እስክትሞት ድረስ ባየችኝ ቁጥር «ያቺ ምላስ፣ ደህና ነሽ ወይ?» ትለኝ ነበር።

የዚያ ዓመት ሐምሌ እናቴ ሴት ልጅ ወለደች። ዝናቡ ፋታ አይሰጥም፣ ወንዙ ሞልቶ ሰው ከሰው ተቆራርጧል። ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለችና አባቴ ቀኑን በግድግዳው ላይ በከሰል እየጫሩ ይቆጥሩ ነበር። ዝናቡ ጋብ ሲል ደብረ ታቦር ገበያ ወርደው አንድ ሳሙና ይዘው መጡ። እኛ ልብስ የምናጥበው በእንዶድ ነው፤ የሱቅ ሳሙና ቤታችን ሲገባ ያ የመጀመሪያው ነበር። እናቴ የልጅቱን መጠቅለያና የራሷን ቀሚስ ለክርስትናው ቀን ላጥብበት ብላ ከሙዳይዋ ከተተችው፤ እኔ ማንም በሌለበት ክዳኑን እየከፈትኩ አሸተው ነበር። ከተማ ማለት እንዲህ ነው የሚሸተው እል ነበር በልቤ።

ልጅቱ ገና ስም የላትም። ክርስትና ሳትነሣ ስም አይወጣላትም፣ ሁላችንም «ሕፃኗ» ነው የምንላት። እናቴ ግን ስታጠባት፣ ማንም አይሰማኝም ብላ፣ በአንድ ስም ትጠራት ነበር። እኔ ከምድጃው ወዲያ ድንች ስልጥ እሰማለሁ፤ የሰማሁ አልመስልም።

በስድሳ ምናምን ቀኗ አሳላት። አባቴ «ቄሱን ልጥራ፣ ቀኑ ባይደርስም ያጥምቋት» አሉ። ታሞ ለሚያሰጋ ሕፃን ይፈቀዳል፣ ሁሉም ያውቃል። እናቴ ግን እንቢ አለች። ከቀኑ በፊት ቄስ መጥራት ልጄ ትሞታለች ብሎ መፈረም ነው፣ ትሻላለች፣ በቀኗ በነጭ ልብሷ ትነሣለች አለች። ሁለት ቀን ተከራከሩ። በሦስተኛው ጠዋት አባቴ ሳያስፈቅዱ ወንዙን ተሻግረው ሮጡ። ከቄሱ ጋር ሲመለሱ እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር፤ ቄሱ አይተዋት ጥምጥማቸውን አወለቁ።

ያልተጠመቀች ናትና ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አልተቀበረችም። አባቴ ከጓሯችን ከግራዋው ሥር ቆፈሩ። እናቴ ኋላ ቄሱን «በጸሎት ያስቡልኝ» ብትላቸው «በማን ስም ልጥራት?» አሏት፤ ክፋት አልነበረባቸውም፣ እሳቸውም ዓይናቸው እርጥብ ነበር። «እግዚአብሔር ያውቃታል» ብለዋት ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ስንት ወለድሽ ሲሏት እናቴ «ሁለት» ትላለች። ወደ ግራዋውም ፊቷን አታዞርም፤ ጓሮ ስትወጣ በሌላው በኩል ትዞራለች። ሳሙናው ከሙዳዩ ሳይወጣ ዓመታት ኖረ፤ ደርቆ፣ ተሰንጥቆ፣ ሽታው ጠፍቶ፣ እንደ ድንጋይ ሆኖ ያገኘሁት እሷን ቀብረን ዕቃዋን ስናነሣ ነው።

ይህን ለልጄ ነግሬያት አላውቅም ነበር። የአባቴ ሰባት ቤት አለቀ፣ የእናቴም አለቀ፤ ሚስቶችን፣ አክስቶችን እየጨመርኩ ከክረምት እስከ ፋሲካ አደረስኳት። አንድ ሰኞ ግን ደክሞኝ ነው መሰለኝ «እኔና አዳነ፣ ሦስተኛዋ እንኳ...» ብዬ አቆምኩ። አትጠገብ አልጨቀጨቀችኝም። ሣጥኑን ባዶ ትታ ወረቀቱን ላከችልኝ።

ወፍጮ ቤት ወሬው ደርሶ ኖሯል። ጎረቤቴ እትዬ ዘርፌ ጤፏን አስቀምጣ «ልጅሽ ሙታን ትመዘግባለች አሉ» አለችኝ ሰው ሁሉ እየሰማ፤ «እኔንም ከወዲሁ አስጽፊኝ እንጂ፣ ወረፋው ሳይረዝም።» ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ዱቄቴን ግን ሳልነፋ ነው ይዤ የመጣሁት። ይህች አገር ስትስቅብሽ ይቀልላል፤ ዝም ስትልሽ ነው የሚያስፈራው፣ ስትሞቺ ማን ያነሣሻል።

በሚቀጥለው ሰኞ ወረቀቱን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ጠበቅኋት። ከእኔ ሌላ ያን ስም የሚያውቅ በምድር ላይ የለም፤ አዳነም ሳይሰማው ሞቷል። ካልሰጠኋት ከእኔ ጋር ይቀበራል። ከሰጠኋት የመጨረሻው ነው።

ስልኩ ጠራ። የግራዋውን፣ የከሰሉን ጭረት፣ የሳሙናውን ነገር ሁሉ ነገርኳት፤ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«እና ስሟ ማን ነበር፣ እማ?»

«ትጽፊያታለሽ እንጂ አታስጠምቂያትም።»

«እማ፣ እኛ ዘንድ ሕፃን ሆኖ ለሞተ ጥምቀት አያስፈልገውም። ምንም አልጎደላትም፤ ድሮም ምንም አልጎደላትም። ከወንድም ከእህቷ ጋር እንድትቆጠር ስሟን ብቻ ነው የምፈልገው።»

እናቴ ያን ሁሉ ዘመን በጓሮዋ በሌላው በኩል የዞረችው ታወሰኝ። መቃብሯ ዘንድ ሮጬ ልነግራት አማረኝ፣ ወዲያው ደግሞ የተናገረችው የእኛ ቤተ ክርስቲያን አይደለችም ብዬ ፈራሁ፤ ሁለቱም በአንድ ደረት ውስጥ ሆኑብኝ።

«ቆዪልኝ» አልኳት። «ቆዪልኝ ነበር የምትላት።»

ወዲያ ማዶ የኮምፒውተሩ ፊደል ቀጭ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ከዚያ «ሦስት ነበራችኋ» አለችኝ ቀስ ብላ። አዎ አልኳት። በሕይወቴ ሦስት ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ስለ ብርዱ ጠየቀችኝ፣ ስለ ዶሮዎቹ ጠየቀችኝ፣ ደህና ዋዪ አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ሰኞ አልፏል። ስልኬ አልጠራም። ኔትወርክ የለም ይላሉ፣ የከተማው ሰው ሁሉ ስልኩን ወደ ሰማይ አንሥቶ ነው የሚሄደው፤ እኔ ግን ኔትወርኩ ይሁን ስሙ ማለቁ በምን አውቃለሁ። ስለዚህ በሦስተኛ ክፍል ትምህርቴ፣ ፊደሉን እየለቀምኩ፣ ይህን በደብተር እጽፋለሁ። የአባቴን አውድማ ሌላ ሰው ይወቃበታል፣ ግራዋውን ቆርጠው ማሳ አድርገውታል፣ ገብስ ይበቅልበታል አሉ፤ ዘሩን ቆጥሮ ቆሎ የሚቀበል ልጅ ከቤታችን የለም።

ባዶውን ሣጥን በእጄ ሞላሁት። ፊደሌ ተንጋዶ ከሣጥኑ ወጥቷል።

ከሁለቱ ሳሙና አንዱን ጀምሬዋለሁ። ሌላውን አትጠገብ አገልግሎቷን ጨርሳ ስትመጣ አንሶላዋን ላጥብበት ብዬ ከእናቴ ሙዳይ ከትቼዋለሁ። ሲቀመጥ እንደሚደርቅ አጥቼው አይደለም። ሌላ የመጠበቂያ መንገድ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ጠዋት ጠዋት ክዳኑን እየከፈትኩ አሸተዋለሁ፣ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ሽታው አለ።