ሁለት ድስት ወደ ስሜን

ሥራዬ ሰውን ለጉዞ ማሰናዳት ነው። ጎንደር ፒያሳ ባለች አንዲት ትንሽ የአስጎብኚ ቢሮ ተቀምጬ ለፈረንጆች ጉዞ አወጣለሁ። አንድ ቀን ጎርጎራ ወርደው ጣና ላይ በጀልባ ይንሸራሸራሉ፣ በማግሥቱ በደባርቅ አድርገው ስሜን ይወጣሉ። ምን መያዝ እንዳለባቸው የምነግራቸውም እኔ ነኝ፤ የዝናብ ልብስ፣ የግንባር ባትሪ፣ ወፍራም ካልሲ፣ ከሁሉ በላይ ቀላል ሻንጣ። «ቀላል ሻንጣ» የሚለውን ደጋግሜ ሳልል ስልክ አልዘጋም። ስናገር የሰማኝ ሰው ተራራ ላይ የተወለድኩ ይመስለዋል። እውነቱን ለመናገር ግን አሁን የማወራችሁ ጉዞ እስኪመጣ ድረስ ስሜንን ያየሁት አንዴ ብቻ ነበር፤ ያውም በመኪና መስኮት፣ ያውም በጉም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብሎ የሚተርትብኝ ቢኖር አልቀየመውም።

እንግዳው ሳስቶ ዝንብ እሽ እያልኩ በምውልበት፣ መንገዱ ግን ሰላም ነው በተባለበት አንድ ጥቅምት እማየ ቢሮ ደወለችልኝ።

«ያን ለፈረንጆቹ የምታወጭውን ጉዞ ለእኔም አውጭልኝ» አለች። «ለሁለት ሰው።»

እማየ ዕድሜዋን ሙሉ ከሰፈራችን ከቁስቋም የራቀችው ቢበዛ እስከ እንፍራንዝ ነው። እሱንም ለሠርግ ሄዳ፣ ድግሱ ሳያልቅ ቤቴ ናፈቀኝ ብላ የተመለሰች ሴት ናት። ሁለተኛዋ ማን እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለገኝም። እቴቴ ናት።

እቴቴ የምንላት የግድግዳ ጎረቤታችንን ነው። ከአያት ከቅድመ አያት ሲነግዱ የኖሩ የጎንደር ሙስሊሞች ልጅ ናት። የወለደችኝ እማየ ብትሆንም አዝላ ያሳደገችኝ እቴቴ ናት፤ ስጠፋ የምፈለገውም እሷ ጓዳ ነበር። ባሏ ካረፉ ወዲህ አዲስ አበባ ያለው አንድ ልጇ «ብቻሽን አትሆኝም፣ ነይ» እያለ ሲጨቀጭቃት ከርሞ፣ በዚያ ሰሞን እሺ አለችው። ኅዳር ሲገባ ልትሄድ ነው። እማየ ይህን ስትሰማ «ደግ አደረግሽ» ብላ ወደ ጓዳ ገባችና የተነፋ ዱቄት እንደገና ስትነፋ ዋለች። ሰው ፊት ማልቀስ አትወድም። በስልኩ ግን ነገሩን ሳትሸፍን ነገረችኝ።

«እንዲሁ በር ላይ ተሳስመን ከሄደችብኝ ይቆጨኛል። ከቤት ወጣ ብለን እንደ ሰው ልሰናበታት።»

ሥራዬ እንግዲህ ይህ ሆነ። ሁለት ሴቶች እንደ ሰው ተሰናብተው እንዲመለሱ ማድረግ። ከፈረንጅ ጉዞ ይቀላል ብዬ ነበር።

መጀመሪያ ቀን እንምረጥ ብለን እቴቴ ቤት ተቀመጥን። ረቡዕ አልሆነም፣ ጾም ነው። ዓርብ ለእማየ ጾም፣ ለእቴቴ ጁምዓ ነው። ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ገበያ ያመለጣቸው እንደሆነ ሁለቱም ሳምንቱን ሙሉ ሲነጫነጩ ይከርማሉ። እሑድ ቅዳሴና ሰንበቴ አለ። ሰኞና ሐሙስ ደግሞ እቴቴ ሱና ትጾማለች።

«ፈጣሪ ለሁለታችሁ የተወላችሁ ማክሰኞን ብቻ ነው» አልኳቸው።

እቴቴ ትንሽ አሰበችና «መንገደኛ ሱናውን ቢተው አይወቀስም» ብላ ሰኞን ጨመረችልን። ሰኞ ጣና፣ ማክሰኞ ስሜን ሆነ። የሰኞን አዳር ጎርጎራ ላደርገው ስል እማየ ነገሩን ከአፌ ነጠቀችኝ።

«ከጎርጎራ ወደ ደባርቅ የሚኬደው በጎንደር ነው። ቤቴ መንገድ ላይ ቆሞ ሆቴል የማድረው ምን አጥፍቼ ነው?»

በዚህ ምክንያት የታላቁ ጉዞ የመጀመሪያ አዳር በየራሳቸው አልጋ እንዲሆን ተወሰነ።

ዕቃው ሌላ ጣጣ ነበር። እማየ ሁለት ጋቢ፣ ጠበል በፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ዳቦ ቆሎ በከረጢት፣ ጃንጥላና አንዲት አጭር መጥረጊያ ደርድራ ጠበቀችኝ። መጥረጊያው ምን ሊያደርግ ነው ስላት «ደባርቅ የምናድርበትን ቤት ማን እንደጠረገው በምን ዐውቃለሁ?» አለች። እቴቴ መስገጃዋን፣ የውዱእ ማንቆርቆሪያዋን፣ አንድ ፔርሙዝ ሻይና ሦስት ትራስ ይዛለች። ቀላል ሻንጣ የሚለውን ስብከቴን ስጀምር «ሻንጣ የሚከብደው ለተሸካሚ ነው፤ ተሸካሚው ማኪና አይደለም?» ብላ አስቆመችኝ።

ከቢሮ የመኝታ ከረጢትም አምጥቼላቸው ነበር። እማየ ዚፑን ከላይ እስከ ታች ከፍታ መረመረችው።

«በእግር ተገብቶ እስከ አንገት የሚዘጋ ነገር ውስጥ በቁሜ አልገባም» አለች። «ስሞት ትከቱኛላችሁ።»

የግንባር ባትሪውን ግን ወደደችው። ከሻሿ በላይ አሥራ፣ ሲመሻሽ ዶሮዎቿን ልትቆጥር ቆጡ ሥር ገባች። ዶሮዎቹ ነጋ ብለው ተንጫጩ። እቴቴ በአጥሩ በኩል ሆና እየሳቀች «አንች፣ ዶሮዎቹን ምነው ታሳብጃቸዋለሽ?» ትላለች።

ስለ ምግብ የሰጠሁት መመሪያ ቁርጥ ያለ ነበር። ዶሮ የምትሠራ ሁሉ ለራሷ ትሥራ፤ እንጀራውን በጋራ እንይዛለን። ይህን ያልኩበት ምክንያት አለኝ። እንደሚታወቀው ክርስቲያን ሙስሊም ያረደውን ሥጋ አይበላም፣ ሙስሊምም ክርስቲያን ያረደውን። እኛ ቤት ግድግዳው ላይ ለብቻው የሚሰቀል ድስት አለ፤ የእቴቴ ድስት ይባላል። በፋሲካና በገና እማየ አንዷን ዶሮ እቴቴ ቤት ልካ ታሳርድና በዚያ ድስት ትሠራላታለች። እቴቴም ቤት እንዲሁ የእማየ ድስት አለ፤ ለዒድ እኛ ያረድነው ዶሮ ይሠራበታል። ልጅ ሆኜ የኛን ማማሰያ በእቴቴ ድስት ውስጥ ብከት የቀመስኩትን ቁንጥጫ ሁልጊዜ አስታውሰዋለሁ። ለአንድ ቀን እንኳ ከዚህ ጣጣ ላሳርፋቸው ብዬ ነው የየራሳችሁን ያልኳቸው።

ሰኞ ጣና ላይ ወጣን። እማየ የጀልባውን ነጂ «ሥሩ በደንብ የተዘጋ ነው?» ብላ ጠይቃ፣ የተሰጣትን የዋና ሰደርያ ለብሳ፣ ነጠላዋን ከላይ አደገደገች። ሞተሩ ሲነሣ እሷ እመቤቴን ስትጠራ እቴቴ ቢስሚላህ አለች። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል እንዲሉ፣ እኔ በመካከል ተቀምጬ ምንም አልፈራሁም። ነጂው ሴት የማይገባበትን የደሴት ገዳም በሩቁ እያሳየ ሲያልፍ እቴቴ እማየን ጎሰም አድርጋ «አንች ካልገባሽ እኔም ቀርቶብኛል» አለቻት። ምሳ ዓሣ በላን። ዓሣ አይታረድምና ሁለቱም እጃቸውን አንድ ትሪ ላይ ሰደዱ። አሁን ይሰናበታሉ ብዬ ጆሮዬን አቆምኩ። እነሱ ግን የጎረቤትን ድመት ሲያሙ ዋሉ።

ሲመሽ ጎንደር ተመልሰን በየቤታችን ገባን። ማክሰኞ ጠዋት ልወስዳቸው ስመጣ ሁለቱም በር ላይ ቆመው ነበር። በየጉያቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈዋል፤ መኪና ውስጥም አናስቀምጥም ብለው በየጭናቸው ይዘውት ተጓዙ።

ደባርቅ ላይ የፓርኩ ጠባቂ አብረውን ተነሡ። ጠመንጃቸውን በጉልበታቸው መካከል ያቆሙ፣ ጠና ያሉ ጨዋታ ወዳጅ ናቸው። ሳንካበር አካባቢ ገደል አፋፍ ላይ ቆምን። ያን ቀን ጉም አልነበረም። እኔ ለስንቱ ፈረንጅ የሸጥኩትን ተራራ ያኔ ገና አየሁትና አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ጭላዳ የሚባሉት ዝንጀሮዎች ከእኛ ትንሽ ራቅ ብለው ሣር ይነጫሉ። እማየ ለረጅም ጊዜ አየቻቸውና «ሲያርሙ የዋሉ አይመስሉም?» አለች። እቴቴ አንዱን ትልቅ ወንድ በጣቷ እያሳየች «ጎፈሬው ሸጋ ነው» አለች።

ለምሳ ጋቢው ተነጠፈ። እማየ ጥቅልሏን ፈታች። እጀታው የተቃጠለውን ድስት አውቀዋለሁ። የእቴቴ ድስት ነው።

«እማየ፣ ያንችስ የታለ?»

«ለእኔ ዳቦ ቆሎ አለኝ» አለች። «ሙስሊሙ ባለሱቅ አረደልኝ፣ ሠራሁላት። የመጨረሻ ምሳዋን ደረቅ ነገር ስትበላ እንድመለከታት ነው?»

እቴቴም ጥቅልሏን ፈታች። ክዳኑ የጎበጠው የእማየ ድስት ወጣ። የቤተ ክርስቲያኑን ዘበኛ ለምና አሳርዳላታለች። ለራሷስ ምን ይዛ ነበር? ቴምር።

ሁለት ድስት ሙሉ ዶሮ ወጥ ስሜን ወጥቷል፤ ሁለቱም ሴቶች ግን የሠሩትን መብላት አይችሉም። መመሪያ የሰጠሁት እኔ እንጀራ ዘረጋሁ። እማየ ከእቴቴ ድስት እያወጣች እቴቴን ታጎርሳለች፣ እቴቴም ከእማየ ድስት እያወጣች እማየን። ጠባቂው ከእኔ ጋር በእማየ ድስት በኩል ተቀምጠው ይህን ሲያዩ ቆዩና ግራ ገባቸው።

«ምነው፣ የየራሳችሁን አትበሉም?»

ነገሩን አስረዳኋቸው። ገባቸውና ራሳቸውን ነቀነቁ። እማየ በበኩሏ በየበዓሉ የምትጠይቀውን ጠየቀች።

«ጨው እንዴት ነው?»

«ልክ ነው» አለች እቴቴ፣ በየበዓሉ እንደምትመልሰው።

«አንች ራስሽ ቀምሰሽው አታውቂም?» አሉ ጠባቂው።

«በምን ልቅመስ?» አለች እማየ። «ቁሌቱን እቀምሳለሁ። ሥጋው ከገባ ወዲያ አፌ አይደርስም። ጨው ደግሞ እኔ የምጨምረው ከእሳት ማውጫው ላይ ነው፤ በግምት።»

እኔ እዚያ ቤት ስኖር ይህን ለካ አስቤው አላውቅም። ሁለቱም ዕድሜ ልካቸውን አንዷ ለሌላዋ ሠርተዋል፤ አንድም ጊዜ የሠሩትን ቀምሰው አያውቁም። የሚያውቁት የሌላዋን ቃል ብቻ ነው።

እቴቴ ማኘኳን አቆመች። ጭላዳዎቹን አየች፣ ገደሉን አየች፣ እማየን አየች።

«ልሄድ ነው፤ ከእንግዲህ ምን እደብቅሻለሁ» አለች። «ይበዛል።»

«ዛሬ?»

«ሁልጊዜ። ካንች ቤት ስወጣ ቀጥ ብዬ ወደ እንስራዬ ነው።»

እማየ እጇ እንጀራው ላይ እንዳለ ቀረች። በእውነት ተቆጣች። «ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ብነግርሽ በሚቀጥለው እጅሽ ይፈራል። ስትሠሪልኝ እንድትፈሪ አልፈለግሁም።»

«እንግዲያውስ ያንች አልጫ ነው!» አለች እማየ። «ጨው የሚባል አይቶ አያውቅም። በየዒዱ ቤቴ ገብቼ ጨው እልስ ነበር።»

ጠባቂው ጠመንጃቸውን መሬት አስተኝተው ሳቁ። እቴቴ ስትስቅ ሻይዋ ተደፋ። እማየም ሳቀች፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ተቆረጠና ፊቷ ተለወጠ።

«ልሰናበትሽ ነበር ያመጣሁሽ» አለች። «ምን እንደሚባል አላውቅበትም። የኔ ነገር እንዲህ ነው። ብቻዬን ልትተይኝ ነው።»

እንባዋ ወረደ። ወጥ በነካ እጇ ጠረገችውና በርበሬው ሌላ እንባ ጨመረባት።

«በርበሬው ነው» አለች።

«አዎ፣ በርበሬው ነው» አለች እቴቴ፣ እሷም በወጥ እጇ ዓይኗን እያሸች። ጠባቂው ዞር ብለው ጭላዳ መቁጠር ጀመሩ። እኔ እንባ የሚጠረግበት ጨርቅ ብፈልግ፣ ባወጣሁት ዝርዝር ሁሉ መሐረብ የሚል እንደሌለበት ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ዛሬ ፈረንጆቹን መሐረብ ያዙ እላቸዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱን ድስት ሙልጭ አደረግናቸው። እቴቴ እየጎረሰች «ይበዛል» ትላለች፣ እየጠጣች ደግሞ ትጎርሳለች።

ኅዳር ገባ። የእቴቴ ልጅ መጥቶ ዕቃ ጫነ። «እማ፣ አሮጌ ድስት ሁሉ ይቅር፣ እዚያ አዲስ እገዛልሻለሁ» ሲላት ሁሉንም ተወችለት። ከአንዱ በቀር። ክዳኑ የጎበጠውን በነጠላዋ ጠቅልላ መኪናው ውስጥ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄ ምን ይሠራልሻል? እዛ ማን ይበላበታል?» አላት።

«እንግዳ አለብኝ» አለችው።

እማየ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ተሳሳሙ፣ ተላቀቁ፣ መኪናው ቁልቁል ወረደ። አላለቀሰችም። ወደ ቤት ስንገባ የእቴቴን ድስት ከግድግዳው አውርዳ አጠበችው፤ ንጹሕ እንደነበር እኔም እሷም እናውቃለን። መልሳ ሰቀለችው።

«አንች» አለችኝ ጀርባዋን ሰጥታኝ። «ለአዲስ አበባ ምን ይያዛል?»

ከስሜኑ ጉዞ በፊት ከእንፍራንዝ ወዲያ ያላለፈች ሴት ናት። ደስታዬን ላለማሳየት እንደ ሥራዬ ሆንኩ። ጋቢ፣ ወፍራም ካልሲ፣ ቀላል ሻንጣ ብዬ ጀመርኩ።

«እሱን ተይው» አለች። «ጨው ያዥልኝ። የእሷ እጅ መቼም አይሻሻልም።»