ሁለት ኪሎ ስኳር በቧንቧ ውሃ ዳገት

ባለፈው ሳምንት ለሥራ ኮምቦልቻ ወርጄ ነበር። የቀጠርኩት ሰው ስላልመጣ ከአንድ ፋብሪካ በር ፊት ለፊት ባለች ሻይ ቤት ተቀምጬ እጠብቃለሁ። በጋዜጠኝነት ሙያ ከመጻፍ ይልቅ መጠበቅ ይበዛል፤ ድሮ ያናድደኝ ነበር፤ አሁን ያደክመኛል እንጂ አያናድደኝም።

ሠራተኞች ለምሳ ወጥተዋል። አንዱ ወጣት በሪሞት የምትሄድ ክንድ የምታህል የኤሌክትሪክ የጭነት መኪና ይነዳል። ጓደኞቹ ድንጋይ ጫኑባትና እሱ በሙሉ ጉልበቷ ለቀቃት። ሞተሯ ጮኸ፤ ወዲያው "ክርርር" የሚል ድምፅ መጣ። ሞተሩ ይሽከረከራል፤ ጎማዎቹ ግን ቆመዋል።

"የማርሿ ጥርስ ተበላ" አልኩ ሳላስበው።

ወጣቱ ዞር አለ። "እንዴት አወቁ ጋሼ?"

ያን የ"ክርርር" ድምፅ አውቀዋለሁ። ከሰማሁት ብዙ ዘመን ሆነኝ እንጂ አልረሳሁትም።

ያኔ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ልጨርስ ተቃርቤ ነበር። ጎረቤታችን ጋሽ ይማም የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ከጅቡቲ ሲመለሱ ለሰፈሩ ሁሉ ቴምር ያመጣሉ። አንድ ጊዜ ከቴምሩ ጋር በሪሞት የምትሄድ የጭነት መኪና ይዘው መጡ። ልጆቻቸው አድገው ስለነበር ለማን እንደገዟት አልተናገሩም። ለራሳቸው ይመስለኛል።

ሰይድ ጓደኛዬ ነበር። በእግር ኳስ ግጥሚያ የተዋወቅን፣ ከሐርቡ መጥቶ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ጥገና ክፍል የተቀጠረ ልጅ ነው። የጋሽ ይማምን ልጅ ሐያትን ይወዳት ነበር፤ እሷም ትወደዋለች። ይህን ሰፈሩ ያውቃል፤ አባትየውም ያውቃሉ። የቀረው ሽማግሌ መላክ ብቻ ነበር።

መስከረም ላይ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ ጋሽ ይማም ከጎረቤቶች ጋር ጫት ይዘው ግቢያቸው ተቀምጠዋል። ዝናቡ አባርቶ መሬቱ ገና ይተናል። ሰይድና እኔ ሰላም ልንል ገባን።

"አንተ ቆላ!" አሉት እየሳቁ። "እናንተ ሜዳ ላይ ነው የምትፎክሩት። እስቲ ይቺን መኪና ሁለት ኪሎ ስኳር ጭነህ ከታች ከመንገዱ እስከ ደጄ አውጣት። ከወጣች ሽማግሌ ላክ፤ ካልወጣች በሬን አታንኳኳ!"

"የጴንጤው ልጅም ምስክር ነው" አለ አንዱ ወደ እኔ እየጠቆመ፤ ሁሉም ሳቁ።

ሰይድ አልሳቀም። "ወላሂ፣ ሳላወጣት ሽማግሌ አልልክም!"

ሳቁ ቆመ። እኛ ሰፈር ወላሂ ከተባለ በኋላ ነገሩ ጨዋታ አይሆንም። ጋሽ ይማም "ተው አንተ ልጅ፣ መሐላ ምን አመጣው?" አሉ፤ ቃሉ ግን ወጥቷል።

ሰይድ መኪናዋን ገልብጦ ባትሪዋን አየ። "ይቺማ እንኳን ስኳር ዝንብ አታወጣም" አለና ነቅሎ ኪሱ ከተተው፤ መኪናዋንም ይዟት ሄደ።

በሳምንቱ የሞተር ሳይክል ባትሪ ገጥሞላት መጣ። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ በረረች አለ። ደሴ ግን ሜዳ የላትም። ስኳሩን ጭነን ለቀቅናት፤ ከዳገቱ እኩሌታ ላይ "ክርርር" አለች። ስንከፍታት የፕላስቲክ ማርሿ ጥርስ እንደ ጥፍር ቁራጭ መዳፌ ላይ ተራገፈ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ እወርድ ነበር። ከላይ ጉምና የባሕር ዛፍ ሽታ፣ መሐል ላይ የጋለ ፍሬን ሽታ፣ ታች ስደርስ ደግሞ ሹራቤን የሚያስወልቅ ሙቀት። ሰይድ ፉል በዳቦ ይጋብዘኛል፤ እየበላን መኪናዋን እንፈታለን። ማርሿን ከነሐስ አስቀረጸ። ማርሿ ቻለ፤ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ ግን እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ተጠመዘዘ። ዘንጉን ከብረት ሠራ፤ ከዚያ ከኋላ ጎማዎቹ መሐል ያሉት ትንንሽ ጥርሶች ረገፉ። እነሱንም ለወጠ፤ ሁሉን የያዘው የፕላስቲክ ሽፋን ለሁለት ተሰነጠቀ። ጉልበቱ የሚሰብረው አያጣም። አንዱን ስናጠነክርበት ወደሚቀጥለው ያልፋል።

ጥር ላይ፣ ልወርድ ስል፣ ሐያት በራቸው ላይ አስቆመችኝ።

"ለጓደኛህ ንገረው፤ አባዬ ቀልዶ ነው። ለመሐላው አሥር ሚስኪን ያብላ፤ ካልቻለ ሦስት ቀን ይጹም፣ ይወርድለታል። እኔም አብሬው እጾማለሁ። ስኳሩ ከሆነ ያሳሰበው፣ ተሸክሜ አወጣለታለሁ በለው።"

ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ።

ለሰይድ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩት። ሞረድ ይዞ ነበር፤ እጁ በብረት ብናኝ ጠቁሯል። "ጾሞማ ማንም ያገባል" አለ። "ሽፋኗ ብቻ ነው የቀረው።"

መልሱንም እንዲሁ አደረስኩ። በዚህ ጊዜ አልሳቀችም። "ባለፈው ዘንጉ ብቻ ነበር የቀረው" አለችና ገባች። ከዚያ በኋላ መልእክት አልላከችም።

ግንቦት ላይ ከባቲ ሽማግሌዎች መጡ። ጋሽ ይማም ልጃቸውን ጠየቋት፤ እሺ አለች። ወሬውን ለሰይድ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ መጥፎ ዜና አድርሻለሁ፤ እንደዚያኛው የከበደኝ ግን ጥቂት ነው።

በማግስቱ መኪናዋን ይዞ መጣ። ከውስጥ ሁለመናዋ ብረት ሆኖ ነበር። ስኳሩን ጫነ፤ ለቀቃት። ወጣች። እየጮኸች፣ ድንጋዩ ላይ እየነጠረች፣ ደጃፉ ድረስ ወጣች። ጋሽ ይማም በሩን ከፍተው ቆመው ነበር።

"ወጣች" አለ ሰይድ።

"አዎ ልጄ፣ ወጣች። ሽማግሌዎቹ ግን ቀደሟት።"

ስኳሩን አውርዶ ሰጣቸው። ጋሽ ይማም ተቀብለው፣ የሚያስቀምጡበት የጠፋቸው ይመስል፣ እንደያዙት ብዙ ቆሙ።

ይህን እያሰብኩ ወጣቱን ከፋብሪካው ትንሽ ወረድ ብሎ ወዳለው የሰይድ ወርክሾፕ ይዤው ሄድኩ። ሰይድ ዛሬ የባጃጅ ክፍሎች ይቀርጻል፤ ሚስትና ልጆች አሉት፤ ጢሙ ሸብቷል። መኪናዋን አይቶ ወደ እኔ ቀና አለና መልሶ ጎንበስ አለባት።

"ማርሿን ከብረት ይሥሩልኝ" አለው ወጣቱ።

"እሠራልሃለሁ። ከዚያ ዘንጉን ትሰብራለህ፤ ከዚያ የኋላውን ጥርስ፤ ከዚያ ሽፋኑን።" ወጣቱ የገጠመላትን ትልቅ ባትሪ ነካ አደረገው። "በፊት በነበረው ባትሪ ሞክረሃታል?"

"ኧረ ያቺማ እንኳን ድንጋይ ዝንብ አታነሳም!"

ሰይድና እኔ ተያየን። እሱ መነጽሩን አወለቀና በጋዋኑ ጫፍ ሲጠርግ ቆየ።

ሳይመሽ ወደ ደሴ ተሳፈርኩ። ሚኒባሱ ሐረጎን በከባድ ማርሽ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ተሳፋሪው ያንቀላፋል፤ እኔም ደክሞኛል። የሰማሁትን ሳላጣራ መጻፍ አልወድም። ጋሽ ይማም ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ሐያት ባቲ ልጆቿን ድራለች፤ ይህን ሁሉ አረጋግጫለሁ። ያላረጋገጥኩት አንድ ነገር ነው። ያቺ መኪና እንደመጣች፣ በራሷ ትንሽ ባትሪ፣ ቀስ ብላ ስኳሩን ታወጣው ነበር ወይ? አላውቅም። ከመስከረም እስከ ግንቦት አንድ ቀን እንኳን አልሞከርነውም።